ማዕዘን እምቢ ያለ እጅ

ኪሮሽ አልወድም። የልጅ ልጆቼ ቤት ሶፋው ላይ ተነጥፎ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ተደርጎ ሳየው ጣቶቼን ይደክማቸዋል። "እማማ፣ እርስዎ ሠርተው አያውቁም?" ሲሉኝ "አላውቅም" እላለሁ። ውሸቴን ነው። አንድ ብርድ ልብስ ሠርቻለሁ፤ አርባ ስምንት ቁራጭ፣ በየዓይነቱ ቀለም። ከዚያ ወዲህ ያንን ጫፉ ቆልመም ያለ መርፌ በእጄ አልነካሁም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከአምበር ገበያ ወጣ ብሎ ካለ መንደር እንኖር ነበር፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም የተወለዱት አላደጉም። እኔ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ቢሆነኝ ነው። አባቴን ግንቦት ላይ ወሰዱት። ለሽፍታ ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ ነው፤ ሽፍታ የሚሉት ጫካ የገባውን አርበኛ ነበር። ስንቅ መሰጠቱስ እውነት ነው። ነገር ግን ገብሱን የቆላች፣ በሶውን የፈጨች፣ በስልቻ ሞልታ በጓሮ በኩል ያወጣች እናቴ ናት። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ግቢያችን ገብተው "ማነው የሰጠ?" ሲሉ አባቴ ከሚጠግነው ቀንበር ላይ ቀና እንኳ ሳይል "እኔ ነኝ" አለ። እናቴ አፏን ከፈተች። ዞር ብሎ አያት። ዘጋችው። አስረው ደብረ ማርቆስ ምሽጉ ውስጥ አስገቡት።

አባቴ ደረቱ ደካማ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ሳል ይይዘውና እስከ መስከረም አይለቀውም፤ እቤቱ፣ እሳት ዳር፣ ሁለት ልብስ ደርቦ እንኳ። አሁን ግን ሰኔ እየገባ ነው፤ እርሱ ደግሞ በለበሳት ኩታ ብቻ በድንጋይ ወለል ላይ ይተኛል። እናቴ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ተወች። ፍርዱን አላነሣችም፣ መፈታቱን አላነሣችም። "ይበርደዋል" ብቻ ነበር ንግግሯ።

መጀመሪያ ጋቢውን ወሰድንለት። ከእኛ መንደር ደብረ ማርቆስ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ጭቃው እግር ሲይዝ ደግሞ ቀኑ አይበቃም። ከበሩ ላይ የቆመው ዘበኛ፣ ያገራችን ሰው፣ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ፣ ጋቢውን ተቀብሎ "አደርስላችኋለሁ" አለን። በሁለተኛው ጉዟችን ጋቢውን አየነው። ዘበኛው ለብሶት ቆሟል። እናቴ የፈተለችው ጥጥ እንዴት ይጠፋታል? ምንም ሳትል ምግቡን ሰጥታው ተመለስን። በሦስተኛው ባና ወሰድን፤ በራሳችን በጎች ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና። እርሱንም በአራተኛው ጉዟችን በቅሎው ጀርባ ላይ አገኘነው። ሲመስለኝ በቅሎይቱ ደረቷ አይታመምም ነበር።

አራት ጉዞ፣ ሁለት ልብስ። ሌላ ባና እንዳናሠራ በጎቹ አባቴ የተያዘ ሰሞን ለሹሙ እጅ መንሻ ሆነው አልቀዋል። እናቴ ከመንገድ ተመልሳ መደቡ ላይ ስትቀመጥ እግርሽን ላጥብልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። "ተይው፣ ነገ ያው ጭቃ ነው" አለች።

በአምበር ገበያ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ሚስቱ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ። የጋቢውንና የባናውን ነገር ሲሰሙ እናቴን ተቆጧት።

"አንቺ ሞኝ ነሽ እቴ! ደህና ልብስ ስትልኪ እኮ ለዘበኛው ነው የምትልኪለት። ወንድ ልጅ ቢሞት የማይለብሰውን ላኪ።"

"ምን አለ እንዲህ ያለ?" አለች እናቴ።

ከጓዳ አንድ ጆንያ ጎትተው አወጡ። ባላቸው ከማርቆስ የሚያመጣው የጣሊያን ቡቱቶ ነበር፤ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ፣ ተረከዙ ያለቀ ካልሲ፣ የአንገት ልብስ። እርሳቸው ተርትረው ክሩን ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ቀዩ አለ፣ ሰማያዊው አለ፣ ብጫው አለ፣ የበሰበሰ ጎመን የመሰለ አረንጓዴም አለ። "ይኸን በኪሮሽ ቁራጭ ቁራጭ እየሠራችሁ አያይዙት። የለበሰው ሁሉ መሳቂያ ነው የሚሆን። ዘበኛ ደግሞ ሞት ባይፈራ መሳቂያ መሆን ይፈራል" አሉ።

ኪሮሽ የሚባለውን ነገር አስመራ ከባላቸው ጋር ሲኖሩ ከጎረቤት ተምረውት ነው የመጡ። እናቴ ቃሉን መያዝ አቃታት፤ "ኪሮስ" ነበር የምትለው። "ኪሮስ ያውጣን እንግዲህ" ስትል፣ እትየ እያልኩ የምጠራቸው የነጋዴው ሚስት ይስቁና "የእናንተ ጻድቅ ከሆነማ እሰየው፣ ይርዳን" ይሏታል። ለክሩ እናቴ መሶብ ልትሰፋላቸው ተስማሙ፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። የእናቴ እጅ በመሶቡ ስለተያዘ ኪሮሹ ለእኔ ወደቀ። ትወጅዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሬ ስፌት ሰፍቻለሁ። ስፌት ከመሃል ነው የሚጀመር። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለልሽ፣ በወስፌ እየወጋሽ፣ ዙሪያውን ትሄጃለሽ፤ ማዕዘን የሚባል ነገር አያጋጥምሽም። ሰፌዱ ክብ ነው፣ እንቅቡ ክብ ነው፣ ሙዳዩ ክብ ነው። የምንኖርበት ቤት ራሱ ክብ ነበር። እትየ ግን አራት ማዕዘን ያለው ቁራጭ ሥሪ አሉኝ። ክሩን በመርፌው ስበው ትንሽ ቀለበት አደረጉ፤ በቀለበቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ቀጥ ብሎ የሚቆም ክር አስገቡ፤ ዞሩበት፤ አራት ጫፍ ያለው ስንዝር የምታክል ነገር እጃቸው ላይ ወጣች። ሲያዩት ቀላል ነው።

የእኔ የመጀመሪያው የሙዳይ ክዳን ሆኖ ወጣ። ጥርት ያለ ክብ። "ደግ ነው፣ ድገሚው" አሉኝ። ሁለተኛውም ክብ። ሦስተኛው ጎድጎድ ብሎ ጽዋ መሰለ። አራተኛውን፣ ብጫ ሆኖ ጠርዙ ቀይ የሆነውን፣ አጥብቄ ስለሠራሁት ጉልበቴ የሚገባበት ጥልቅ ነገር ሆነ። እትየ አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙትና "ይኸማ ጠላም ይያዝበታል" አሉ። ከዚያ ለእናቴ "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ልጅሽ ስፌት እየሰፋች እኮ ነው" አሏት። ሁለቱ ሳቁ። እኔ መርፌውን ወርውሬ ወጣሁ። ከገበያው ጫፍ ደርሼ ተመለስኩ፤ መሄጃ አልነበረኝም።

ያ ክረምት ሲታወሰኝ የሚመጣብኝ ድካሙ ነው። ማሳችንን ጎረቤት በየተራ አረሰልን፤ አረሙ ግን የእኛው የሁለታችን ነበር። ከንጋት እስከ ቀትር ጤፍ እናርማለን፤ ከቀትር በኋላ እናቴ መሶቧን፣ እኔ ኪሮሼን ይዘን በራፉ ላይ እንቀመጣለን። ጣቶቼ በጭቃና በውሃ ተሰነጣጥቀው ሱፉ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ይያዝ ነበር። በሳብኩት ቁጥር ያመኛል። ሠርቼ እተረትራለሁ፣ ተርትሬ እሠራለሁ። ሳምንት ሙሉ አንዲት ማዕዘን አላወጣሁም። ከራሴ እጅ ጋር እንዲህ ተጣልቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ገበያ እትየ መርፌውን ከእጄ ወሰዱት። "ቆይ፣ ክሩን ተይው" አሉኝ። "ሦስት ሦስት የሚቆመው ምንድን ነው?"

"እንጃ፣ እትየ።"

"ቤተሰብ ነው። አባት፣ እናት፣ ልጅ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ቤት ነው የሚደርሰው። ግን እንግዳ የመጣ እንደሆነ ምን ታደርጊያለሽ? ውጭ ታሳድሪዋለሽ?"

"ኧረ አላሳድርም።"

"እሱ ነው! ማዕዘን ላይ ስትደርሽ እንግዳ መጣብሽ። አንዱ ቀዳዳ ላይ ሁለት ቤተሰብ ታስገቢያለሽ። ሲጣበብ ወደ ውጭ ይገፋል። ማዕዘን ማለት ያ ነው።"

አባት፣ እናት፣ ልጅ። አባት፣ እናት፣ ልጅ። እንግዳ መጣ፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ። እዚያው ሱቁ በረንዳ ላይ፣ የጨው ጆንያ ተደግፌ፣ አራቱም ጫፍ ወጡ። አንዱ ወደ ላይ ትንሽ ተንጋዶ ነበር። እትየ አላዩ መስለው አለፉልኝ፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እጄ አልቆመም፤ አፌም እንደዚያው። ሳልቆጥር መሥራት አልችልም ነበርና ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። እናቴ አጠገቤ አክርማዋን እያረጠበች ትሰፋለች። አንድ ቀን ዝናቡ በራፉን ዘግቶብን ተቀምጠን ሳለ ወስፌዋን ወረወረችው።

"ሌላ ቁጠሪ!" አለችኝ።

"ምን ልቁጠር?"

"ያሻሽን! አንድ ሁለት ሦስት በይ! ቀኑን ሙሉ አባት፣ አባት፣ አባት... ሰው አይደለሁም እንዴ እኔ?"

በአንድ ሁለት ሦስት ስሞክረው እጄ እንደገና ወደ ክቡ ሄደ። ስለዚህ በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። ከንፈሬ ግን ሳይንቀሳቀስ አልቀረም፤ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትሰፋ ጀመር።

ነሐሴ እኩሌታ ላይ አርባ ስምንቱ አለቁ። ተቀምጠን በእናቴ ወስፌ አያያዝናቸው። ስንዘረጋው የሆነ የሚያስደነግጥ ነገር ነበር፤ ቀይ ከብጫ፣ ብጫ ከዚያ ከበሰበሰው አረንጓዴ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችውና "እግዜር ይመስገን፣ አስቀያሚ ነው" አለች። ያቺ ምስጋና ለእኔ ሥራ የተሰጠች ብቸኛዋ ምስጋና ናት።

ክቦቹን መደቡ ሥር ደብቄያቸው ነበር። ሦስቱን ለክራቸው ስል ተርትሬያቸዋለሁ፤ አራተኛው፣ ጥልቁ፣ አጥብቄ ስለሠራሁት አልፈታ አለኝ። እናቴ ስንቅ ስትቋጥር አገኘችው። "ሱፍ አይጣልም" ብላ በሶውን የቋጠርንባትን ከረጢት ውስጡ ከታ ከብርድ ልብሱ ጋር አሰረችው። ለመንኳት። አባየ ጥፋቴን እንዲያይብኝ አልፈልግም ነበር። አልሰማችኝም። የጨሞጋን ወንዝ እስክንሻገር ድረስ አኮረፍኳት፤ ውሃው ወገባችን ሲደርስ ግን እጇን ያዝኩ።

ዘበኛው ያው ጋቢያችንን ለብሶ በሩ ላይ ነበር። ጥቅሉን ፈታው። ከዚያ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ገትሮ ሳቀ፤ ጓደኞቹን ጠራ። ክቧን አነሣና በሶውን አውጥቶ ራሱ ላይ ደፋት፤ እንደ ቆብ ልክክ አለች። የእናቴ ጣቶች ክንዴን ጨመደዱት። ወደዳት ማለት ነው፣ ወሰዳት አልኩ በልቤ፤ የሚገርመው፣ ስደብቃት የኖርኳትን እንዳይወስዳት ተሳልኩ። ጓደኞቹ ግን "አረጠ፣ አረጠ! እንደ ባልቴት ቆብ ደፋ!" እያሉ ሲያፌዙበት ከራሱ መንጭቆ ጣላት። "የዚያ የሚያስለው ሽማግሌ ነው አይደል ይኸ? ጥሩት፣ እዚሁ ይልበሰው!" አለ።

እኛ አልጠረጠርንም ነበር፤ ሰውየውን አውጥተው ያለብሱታል ብለን አላሰብንም። አባቴን ከምሽጉ የሽቦ አጥር ወዲያ አመጡት። ሦስት ወር አላየሁትም። ጉንጩ ገብቷል፤ ያ ሳሉ ከሩቅ ይሰማል። ብርድ ልብሱን በትከሻው አለበሱት፣ ክቧን ራሱ ላይ ደፉበት፣ ዙር አሉት፤ ዞረ። ይስቃሉ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የሠራሁት በእጄ ነው፣ አስቀያሚ ይሁን ብለን ነው፣ እርሱም ይኸው በሰው ፊት መሳቂያ ሆነ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ነበር።

አባቴ ግን ዞሮ ሲጨርስ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ሰበሰበው። "ማነው የሠራው?" ብሎ ጮኸልን።

"ልጅህ!" አለች እናቴ።

"ይች ቆቢቱስ?"

የቆቢቱን ነገር ዘለልኩት። ከዚያ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ "አባየ! ሦስት ሦስቱ እኛ ነን! አባት፣ እናት፣ ልጅ!" አልኩት። ምን እንዳስጮኸኝ እንጃ። ዘበኛው "በቃ፣ ሂዱ!" አለ። አባቴ እጁን ወደ ጆሮው አድርሶ፣ መስማቱን በጭንቅላቱ ነገረኝ፤ ብጫው ቆብ ተነቃነቀ። ብርድ ልብሱ ግን አብሮት ገባ። ማንም አልቀማውም።

በመመለሻችን ላይ እናቴ እንደዚያ ስትራመድ አይቻት አላውቅም። ደክሟት ነበር፣ ግን ትራመድ ነበር። "ገባለት" ትላለች፣ ትንሽ ትሄድና "ገባለት እኮ" ትላለች።

መስከረም አልፎ፣ አደይ አበባው ረግፎ፣ አንድ ሰው ዳገቱን እየወጣ ወደ ቤታችን መጣ። በራፉ ላይ ነበርን፤ እናቴ የእትየን መሶብ ክዳን ትጨርሳለች። ሰውየውን አላወቅነውም። ራሱ ላይ ያደረጋትን ግን ከሩቅ አወቅኋት። ብጫ፣ ጠርዟ ቀይ። እናቴም አየች፤ ወስፌዋን ስንደዶው ላይ እንደሰካችው እጇ ቀረ።

ሰውየው ቆቧን አወለቀና ቆሞ ነገረን። ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር። በዚያ ብርድ ልብስ ሥር ሦስት ሆነው ነው የቀረውን ክረምት ያለፉት፤ አባቴን መሃል ያስተኙት ነበር። "ቀን ቀን አባትሽ ዘርግተው ጣታቸውን ያስኬዱበት ነበር" አለ። "አባት፣ እናት፣ ልጅ ይላሉ። እንደ መቁጠሪያ። እኛም ለምደነው አብረን እንል ነበር።" ሳሉም ወደ መጨረሻው ለቋቸው ነበር አለ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጣሊያኖቹ ዐሥራ አንድ ሰው ጠርተው በካሚዮን ጫኑ፤ ወደ ዓባይ በኩል ነው የወሰዷቸው። አባቴ ብርድ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ቆቧን ግን ለዚህ ሰው ሰጥቶታል፤ ብትፈታ ለልጄ መልስልኝ ብሎ።

ያንን ካሚዮን በዚያው ሐሙስ አይተነዋል። ሸራ ለብሶ በአምበር በኩል አለፈ፤ ጭቃውን ረጨብን፤ እኔ ሰድቤዋለሁ። አባቴን ከዚያ ወዲያ ያየውም የሰማለትም የለም። ጣሊያን ሲወጣ እናቴ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ሄዳ ጠይቃለች። የቀለም ልብስ የለበሰ ሽማግሌ አይታችኋል ወይ እያለች።

ሰውየው ውሃ ጠጥቶ ሄደ። እናቴ ቆቧን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ ዙሪያዋን ትሄድባት ጀመር፤ እንደ ስፌት፣ ማዕዘን ሳያጋጥማት። ከዚያ ያ ከግንቦት ጀምሮ የተዘጋው አፏ ተከፈተ።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለች።

ስለ በሶው እንደሆነ ገብቶኛል። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ሕፃን አልነበርኩም። ግን እንደዚያ ሆና ላያት አልቻልኩም። አባየ ቀንበር ሲጠግን ያላት ቃል አፌ ላይ መጣች፤ ቆቧን ከጭኗ ላይ አነሣኋት።

"አይደለም፣ እማየ" አልኳት። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማዕዘኑን ረስቼው ነው።"